የውስጥ ኪስ

ልብስ ሰፊዋ እብጠቱን ያገኘችው ሥራ ላይ ሆና ነው። ከባድ የመጋረጃ ጨርቅ በብብቷ ሸጉጣ መቀሷን ስትፈልግ ግራ ጡቷ ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር ቆረቆራት። የተረሳ ቁልፍ መስሏት ልብሷን አራገፈች። ከልብሱ ግን ምንም አልወደቀም።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰባትም። ካንሰር ነው፣ ገና አልተሰራጨም፣ ቶሎ ከወጣ ተስፋው ትልቅ ነው፣ ከዘገየ ግን እኔ እንጃ አላት። ማክሰኞ ቀን የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጣት። ወደ ቤቷ ስትመለስ እግሯ መሬት ይርገጥ አይርገጥ አታውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ጸሎት ቤቷ ሰዎች መናገር ግድ ይላል። ክፉዎች አይደሉም፤ የሰው ቤት ሲቃጠል ባልዲ ይዘው ቀድመው የሚደርሱ ናቸው። ነገር ግን አንድ ልማድ ይዟቸው ነበር። አንድ ጊዜ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ "ታምሜአለሁ ያለ ሰው በሽታን በገዛ አፉ ጋበዘ፤ ፈራሁ ያለም የፈራውን ጠራ" ብሎ አስተማረ። እሱ ሄደ፣ ትምህርቱ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በጸሎት ቤቱ የታመመ ሰው ጠፋ! ወገቡን የቆረጠው በሁለት ሰው ተደግፎ ይገባና "እንዴት ነህ?" ሲሉት "ድኛለሁ!" ይላል። ጉንፋን የያዛት በአፍንጫዋ "ድኛለሁ" ትላለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን ተረቱን ለሌላ ሰው ነው የሚተርተው።

የልማዱ ዋና ጠባቂ እማማ አሜን ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ "አሜን!" ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ እሁድ ማስታወቂያ ነጋሪው "የጣሪያው ማፍሰስ ስለባሰ" ከማለቱ "አሜን!" ብለው ሰውን በሳቅ ገድለውታል። የልብስ ሰፊዋን ነገር እንደሰሙ ሱቋ ድረስ መጡና እጃቸውን ጭነው ጸለዩላት።

"አለቀ ልጄ፤ ድነሻል።"

"እማማ፣ ሐኪሙ እኮ ለማክሰኞ ቀጠሮ"

"አሜን! ቀጠሮ የጌታ ነው። ቢላዋ ሥር ከተኛሽ አላመንሽም ማለት ነው። ያንን ነገርም በስሙ አትጥሪው። እሁድ ወጥተሽ ትመሰክሪያለሽ።"

ይህን ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ጣጣው እሱ ነው፤ ይወዷታል። የሚጠላት ሰው ቢመክራት ኖሮ እምቢ ማለት እንዴት በቀለላት! ሆስፒታል ብትገባ በምትወዳቸው ሰዎች ፊት ከሃዲ ልትባል ነው፤ ብትቀር ደግሞ ልትሞት ነው።

ባሏስ? ባሏ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ተሳፋሪውን ሁሉ ሲያስቅ የሚውል ቀልደኛ። በሽታው ከተሰማ ወዲህ ቀልዱ እጥፍ ሆነ። እሷ "ስማኝማ፣ እኔ እኮ" ብላ ስትጀምር "ደህና ነሽ! ደህና ነሽ!" ይልና ካቻቢቴውን አንሥቶ ይሄዳል። በቤቱ ውስጥ ያልጠበቀ ብሎን አልቀረም። ቧንቧው፣ የበር እጀታው፣ የወንበሩ እግር ሁሉ እስኪንጫጫ ጠበቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሱ ዝምታ ግን የሷን ልብ አነቀዘው። ሰለቸሁት ብላ ታስብ ጀመር።

በዚያው ሰሞን የመዘምራኑን አዲስ ልብስ እየሰፋች ነበር። ረጅም፣ ሰማያዊ፣ ገበሩ ነጭ። ለልክ ሲመጡ ታዲያ አንድ የማይገባት ነገር ገጠማት። እያንዳንዱ ለክታው ከጨረሰች በኋላ ከበሩ ተመልሶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ "እህቴ፣ በገበሩ በኩል አንዲት ትንሽ ኪስ ጣል አድርጊልኝማ። ለመሐረብ።" ከመዘምራኑ አንዷ የሆኑት እማማ አሜን ጭራሽ በቁልፍ የሚዘጋ ኪስ አማራቸው።

"እማማ፣ ምን ዓይነት መሐረብ ነው የሚቆለፍበት?"

"አንቺ ሥራሽን ሥሪ!"

ሠራች። ስትሠራም አሰበች። እጇ ኪስ እየሰፋ ልቧ እምነቷን ስፌት በስፌት ፈታው። ለመሆኑ የማምነው ምንድን ነው? አለች። እግዚአብሔር ፈጠረኝ። ልጁ ሰው ሆነ፣ ስለ እኔ ተሰቀለ፣ የእውነት ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። ይመጣል፣ ሙታንንም ያስነሣል። ደግማ ደጋግማ ቆጠረችው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ "ጡትሽ አያብጥም" የሚል የለበትም።

እንዲያውም ጌታ ራሱ ሊይዙት በመጡበት ምሽት ለወዳጆቹ ነፍሴ ተጨነቀች ብሏቸዋል። አጠገቤ ሁኑ ብሎ ለምኗቸዋል። ማንም እምነት ጎደለህ አላለውም። ከሞት ተነሥቶም ቁስሉን አልሸፈነም፤ ኑ ንኩኝ ነው ያለው። "ታዲያ እኔ ማን ነኝና ነው ከሱ በላይ ጤነኛ የምመስለው?" አለች ለስፌት መኪናዋ። እንዲህ በማለቷ ፍርሃቷ አልለቀቃትም። ግን ፍርሃትና እምነት፣ ተኳርፈው በአንድ ቤት እንደሚያድሩ ባልና ሚስት፣ በአንድ ልብ መኖር እንደሚችሉ ገባት።

እሁድ ሆነ። መዘምራኑ በአዲሱ ልብስ አምረው ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ ለምስክርነት ስትጠራ ወጣች።

"ምስክርነቴ ይህ ነው። ታምሜአለሁ።"

"አሜን!" አሉ እማማ እንደ ልማዳቸው፣ ከዚያ የሰሙት ነገር ገባቸውና አፋቸውን ያዙ።

"ካንሰር ነው። ያመኛል፣ እፈራለሁም። ማክሰኞ ሆስፒታል እገባለሁ። ጌታ እንዲሁ ቢፈውሰኝ ደስታዬ ነው። በሐኪም እጅ ቢፈውሰኝም ፈዋሹ እሱ ነው። ብሞትም ከሞት የተነሣው ያስነሣኛል። ይህን አምናለሁ፤ ከዚህ ማንም አይነቀንቀኝም። ግን አልታመምኩም ብዬ በሱ ቤት ቆሜ አልዋሽም። እባካችሁ፣ እንደ ታመመ ሰው ጸልዩልኝ።"

ሂጂ ውጪ የሚላትን ሰው ጠበቀች። በዚህ መሐል ከመዘምራኑ ወፍራም ድምፅ ያለው ሥጋ ሻጭ እጁን ወደ ገበሩ ሰደደ። ኪኒን አወጣ።

"የደም ግፊት አለብኝ" አለ፣ እንደ ተያዘ ሌባ።

"እኔም አስም አለብኝ" አለች ከጎኑ ያለችው፤ የምትስበውን መድኃኒት ከፍ አድርጋ አሳየች። ከዚያማ እጅ ሁሉ ወደየኪሱ ገባ! የጨጓራ፣ የወገብ፣ የእንቅልፍ፣ የማይወጣ መድኃኒት አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የመዘምራን ልብስ የሰፋች መስሏት ለካ ተንቀሳቃሽ ፋርማሲ ነው የሰፋችው።

በመጨረሻ እማማ አሜን ኪሳቸውን ፈቱ። ቁልፉ አስቸገራቸው። ያወጡት መርፌ ነበር።

"ስኳር ነው" አሉ። "ከምግብ በፊት መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተደብቄ እወጋለሁ። ወጥቼ ደግሞ ድኛለሁ እላለሁ። ልጆቼ፣ ደከመኝ።"

አንድ ሰው ከኋላ "አሜን!" አለ።

ሳቁ ያኔ ፈነዳ። እማማ ራሳቸው እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ከዚያም በዙሪያዋ ቆመው፣ ሳይጮኹ፣ ቢላዋው እንዲሳካ፣ ሐኪሙ እጁ እንዲጸና፣ ሕመሙ እንዲቀልላት ጸለዩላት።

ማክሰኞ ገባች። እብጠቱ ወጣ፣ ዙሪያውም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ግራ ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አይወጣም እንጂ ዛሬም እየሰፋች ነው፣ ተመስገን። ነገር ግን መቼ ቀለለሽ ብለው ሲጠይቋት የማክሰኞውን አታነሣም። የምትናገረው በዚያ እሁድ ከጸሎት ቤቱ አጥር ውጭ የሆነውን ነው።

ጸሎቱ ሳያልቅ ባሏ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ሲወጣ አይታው ነበር። በሰው ፊት አዋረድኩት አለች። ወጥታ ስትፈልገው ግንባሩን ግንቡ ላይ ደግፎ ቆሞ አገኘችው፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

"አሳፈርኩህ?"

አይደለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ሰባኪው ያለውን ታስታውሻለሽ? እኔ ፈራሁ ያልኩ ቀን የምትሞቺ መስሎኝ ነበር። በእኔ አፍ። አንቺ ልትናገሪ ስትጀምሪ ከአፌ እንዳያመልጠኝ ነበር የምሸሽሽ።"

ሰለቸሁት ስትል የከረመችው ሴት እጁን ያዘችው። ሰውዬው ለካ ጥርሱን ነክሶ ሲጠብቃት ነው የኖረው።

"በል አሁን በለው" አለችው።

"አልልም።"

"በለው፣ እኔ አለሁ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "ፈርቻለሁ" አለ። "ብትሞቺብኝ ምን እሆናለሁ?"

ዓይኑን ሲገልጥ እዚያው ቆማ ነበር።