ከሃያ ፊደል በላይ

ሃያ ሁለት ሰፈር ባለው ክሊኒክ ካርድ ክፍል አንድ ሰው ማክሰኞ ማክሰኞ አያለሁ። እኔ የምሄደው ለደም ግፊቴ ነው፤ እሱ ግን ለመታከም ሲመጣ አላየሁም። ጥቁር ሸሚዙ ከመታጠብ ብዛት ወደ ግራጫ ሄዷል። ደረት ኪሱ ውስጥ የኮምፒዩተር ፍሎፒ ዲስክ አለች፤ በየደቂቃው በመዳፉ ይነካታል።

መስኮቱ ላይ «ስምዎ ከሃያ ፊደል ከበለጠ ያሳጥሩ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰዉም እሺ ብሎ የአያቱን ስም ይተዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ሰውዬው ፍሎፒዋን ለካርድ ሠራተኛዋ አቀበላት።

«ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው» አላት። «የስሙን ርዝመት አይለካም። ለስሙ የተተወው ቦታ ሲሞላ ትርፉ ይፈስና ቀጥሎ የተጻፈውን ይደመስሳል። ኮዱ ለማንም ክፍት ስለሆነ አንብቤ አስተካክዬዋለሁ። ይኸው።»

«ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርዎት? ከውጭ የመጣ ነገር አታስገቡ ተብለናል። ደግሞ ማስታወቂያ ለጥፈን የለ እንዴ?»

«የለጠፋችሁት ከባለቤቴ ቀብር በኋላ ነው።»

ድምፁን አላነሳም። ከጃኬቱ ውስጥ ሁለት ወረቀት አውጥቶ ጎን ለጎን ዘረጋላት። አንደኛው በእጅ የተጻፈ አሮጌ ካርድ ነው፦ ወለተሚካኤል ተክለሃይማኖት ወልደጊዮርጊስ። ከሥሩ፣ የማይስማማት መድኃኒት፦ ፔኒሲሊን።

ሁለተኛው የክሊኒኩ ኮምፒዩተር ያተመው ነው። ስሟ «ወልደ» ላይ ያልቃል። ከሥሩ፣ የማይስማማት መድኃኒት፦ ጊዮርጊስ።