አሸናፊዋ ያልታወቀችበት ጨዋታ

ያን ዓርብ ከሰዓት በክፍላችን የነበርነው እኔ፣ ያን ጊዜ ገና ድክ ድክ የምትለው ልጄ ናድያ፣ ጓደኛዬ መሰረትና ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነን። የአከራያችን ፍየልም አንገቷን በበሩ አስግጋ ስታየን ስለነበር እሷንም ልቁጠራት። የናድያ አባት ዑስማን አልነበረም፤ ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ ከሄደ ቆይቷል፤ መምጣቱንም እያሳሳው ነበር። ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን የምጽፈው ናድያ ባለፈው ሰሞን "እማ፣ ማን ማን ነበራችሁ?" ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

ያስጠየቃት አንዲት የበር ደወል ቁልፍ ናት። ጦርነቱ ሲጀመር ካርቱም ካለው ሰፈራችን ከቡሪ ወጥተን ገዳሪፍ ከርመን አሁን ተመልሰናል። ክፍላችንን ያገኘነው ባዶውን ነው። በሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ አልጋው፣ የጣሪያው ማራገቢያ፣ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ እንኳ ተመዞ ተወስዷል። አቧራውን ስንጠርግ ግን ናድያ ከጥግ አንዲት ነጭ የበር ደወል ቁልፍ አነሳች። ቁራጭ ቀይ ሽቦ ተንጠልጥሎባታል። "በር ሳይኖረን ደወል ከየት መጣ?" ብላ ሳቀች። እኔ መጥረጊያውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ከአምስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እዚሁ ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር በአንድ ቤት በተመላላሽ ልብስ እያጠብኩ እተኩስ ነበር። መሰረት ግን ጎንደር ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብታ ኤሌክትሮኒክስ ጀምራ፣ አባቷ ሲሞት ያቋረጠች ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ ካፉሪ ሰፈር በአንድ ትልቅ ግቢ ተቀጥራ እዚያው ታድራለች፤ ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። ዓርብ ሲሆን በሃፍላ፣ አውቶቡሱን እዚህ እንዲያ ነው የምንለው፣ ድልድዩን ተሻግራ እኛ ጋ ትመጣለች። እኔ ሳምንቱን የምቆጥረው በእሷ ነበር። የሆዴን የማወራው ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ አስካለ ጥሩ ሰው ብትሆንም ዕድሜዋን ካርቱም ሻይ ስትሸጥ ስለኖረች ወሬዋ ግማሹ ዓረብኛ ነው፤ ናድያም አፏን የፈታችው በዓረብኛ ነው። ብዙ ቀን በገዛ ቋንቋዬ የምናገረው ከራሴ ጋር ብቻ ነበር።

የመሰረት አሠሪዎች ልጅ ለትምህርት ውጭ አገር ሲሄድ አንድ ካርቶን ዕቃ ትቶ ነበር። እመቤቲቱ ከቆሻሻው ጋር ጣዪው ስትላት መሰረት ለምና ወሰደችው። ውስጡ የእጅ መዳፍ የማትሞላ አረንጓዴ ሰሌዳ ነበረች። መሰረት ይቺ ራሷን የቻለች ኮምፒውተር ናት ስትለን እትዬ አስካለ አገላብጣ አየቻትና "ወላሂ፣ ይሄ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ነው" አለች።

መሰረት ከእጇ ተቀበለቻት። በሚቀጥለው ዓርብ ሰሌዳዋን ከቴሌቪዥናችን ጋር በገመድ አገናኘቻት፤ በስልክ ቻርጀር መብራት ሰጠቻት፤ ከካርቶኑ ባገኘችው የፊደል መጻፊያ ሰሌዳ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረች። በየዓርቡ ትንሽ ትንሽ ጨመረችበት። የእኔ ሥራ በሽንኩርት መክተፊያ ቢላዬ የሽቦውን ልባስ መላጥ፣ ናድያን ከሽቦው ማራቅ፣ ደግሞም "ነቅለሽዋል? እርግጠኛ ነሽ ነቅለሽዋል?" እያልኩ መነዝነዝ ነበር። ከትንሿ ቀይ መብራት ጋር ገብስ የምታክል ባለመስመር ነገር ስታያይዝ ምን እንደሆነች ጠየቅኋት። ሬዚስተር ትባላለች፣ ኃይል በዝቶ መብራቷ እንዳትቃጠል የምትይዝ እሷ ናት አለችኝ። ይቺስ ሥራዋ ከእኔ ጋር አንድ ነው ብላት "አንቺማ የዚህ ቤት ሬዚስተር ነሽ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስትጠራኝ ስሜ ያ ሆነ።

ለመጫኛ የሚሆን ቁልፍ ከካርቶኑ ስለጠፋ ከገበያ ሁለት የበር ደወል ቁልፍ ገዛች። እሱንም ስናይ ሳቅን። ስድስት ቀን ሙሉ ሌላ ሰው ሲጫነው የምንሮጠው እኛ ነን፤ ዓርብ ደግሞ እኛ ልንጫነው ነው።

ጨዋታው ቀላል ነው። መብራቷ በብስኩት ካርቶን ላይ ተሰክታለች። ቀይ ሆና ትበራለች፤ መቼ እንደምትጠፋ ማንም አያውቅም፤ አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ቆይታ ትጠፋለች። ሁለት ሰው ቁልፍ ቁልፉን ይዞ ያያታል። ስትጠፋ ቀድሞ የተጫነው ስሙ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። ሳትጠፋ የቸኮለ ግን ይሸነፋል። እኔ ሁልጊዜ ሳትጠፋ እጫናለሁ። ሰው ቤት ስሠራ ሳልጠራ አቤት ማለት ለምጄ፣ ጣቴ መጠበቅ አልቻለም። ናድያ ደግሞ መብራቷንም አታይ፣ በሁለት እጇ ቁልፉን ትደበድባለች፤ እትዬ አስካለም "የእናቷ ልጅ" ትላለች።

እንግዲህ ያን ዓርብ ጨዋታው ያለቀበት ቀን ነበር። ጊዜው ከረመዳን በፊት ያለው ሙቀት ነው፤ ማራገቢያው ትኩስ አየር ያዞራል። ከወንዙ ዳር ዓሣ ገዝቼ ጠብሼ በሻጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የሱዳን በርበሬ በላን። እኔ ለናድያ እሾህ እየለቀምኩ ሳለሁ መሰረት ከሰምሳር ጋር መነጋገሯን አወራችን። ሰምሳር ደላላው ነው። እሑድ ወደ ሊቢያ ሊወጡ ነው፤ በበረሃው በኩል።

እትዬ አስካለ በዚያ መንገድ ስለቀሩ ሰዎች የምታውቀውን ሁሉ ዘረዘረችላት። መሰረት አዳምጣ ስትጨርስ፣ እዚህም እኮ እየቀረሁ ነው፣ የሰው ቤት እያጸዳሁ የተማርኩት ከራሴ ላይ እየጠፋ ነው፣ እዚያ ግን ባሕሩ ቢሳካ ትምህርቴን እጨርሳለሁ አለች። እኔ ያልተናገርኩት አልነበረም። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ በናድያ ስም አስማልኩ። በመጨረሻ አፌ ያመጣውን አልኩ።

"ተጫወቺኝ። ካሸነፍኩሽ ትቀሪያለሽ።"

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ? አንቺ እኮ አሸንፈሽ አታውቂም።"

"አንቺን ምን ጨነቀሽ ታዲያ?"

"ካሸነፍኩሽስ?"

"መርቄ እሸኝሻለሁ። ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አልናገርም።"

"ይሄ አይቻልሽም" አለችና ሳቀች፤ ግን እጇን ዘረጋች። መሰረት ቀልድ ብትወድም ቃሏን አታጥፍም። እትዬ አስካለ እጃችንን አጨባብጣ "እኔ ሻሂድ ነኝ፣ ምስክር፤ ያላ፣ ጀምሩ" አለች። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ አሸነፈ ተባለ።

መጀመሪያውን እንደልማዴ ቸኩዬ ተሸነፍኩ። ሁለተኛውን መሰረት ቸኮለች። በሕይወቷ ስትቸኩል ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ ምን እንደነካት ዛሬም አላውቅም። ሦስተኛው መለያው ሆነ። ናድያን ለእትዬ አስካለ ሰጠሁ። ጣቴን ቁልፉ ላይ ሳይሆን ከጎኑ አስቀመጥኩ። መብራቷ በራች። ምጥ እንደያዛት ሴት በረጅሙ ተነፈስኩ። ቆየች። ላብ በዓይኔ ገባ፤ አልጠረግኩም። ተጫኚ የሚለኝን ሁሉ እንቢ አልኩት። እንዲያ አድርጌ የጠበቅኩት ሌላ ነገር የለም።

ጠፋች።

ተጫንኩ። የእሷ ጣት ከእኔ በኋላ ሲወርድ በጎን አይቻለሁ። ስሜን ላነብ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አልኩ፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ምንም ፊደል የለበትም። ቀጥሎ ከራሳችን በላይ ማራገቢያው እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ሲቆም ሰማን። በግቢው ማዶ አንዲት ሴት ካህራባው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ሄደ ብላ በዓረብኛ ስትጮህ ተሰማ።

ፍየሏም ጮኸች።

"ቀድሜሻለሁ" አልኩ።

"ቀድመሻል" አለች መሰረት በቀስታ። "ግን ያጠፋው ካህራባው ነው። ጨዋታው አይደለም።"

"ጠፋች አይደል? ሕጉ ስትጠፋ ነው የሚለው።"

ወደ እትዬ አስካለ ዞርን። ምስክራችን ናድያን ታፋዋ ላይ እንደያዘች በጣም ተጨነቀች። እንድትቀር የምትፈልገው እሷም ናት፤ ለእኔ ብትፈርድ መሰረት ትቀበላት ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን በሐሰት መመስከር አልሆነላትም። "ካህራባ ሲመጣ እንደገና" አለች።

እንጠብቅ ጀመር። የቀዘቀዘ ከርከዴ ጠጣን። መሰረት ናድያን በጉልበቶቿ መሐል አስቀምጣ ጸጉሯን ሠራችላት፤ ሁለት ጊዜ ሠርታ ሁለት ጊዜ ፈታችው። እኔ ዓይኔን ከማራገቢያው ላይ አላነሳሁም። የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ከወንዙ በኩል ነፋስ ጠብቀን አቧራ መጣልን። መሰረት ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከመግሪብ በፊት አሠሪዎቿ ቤት መድረስ አለባት። ብድግ ስትል ቻርጀሩን ከግድግዳው አልነቀለችውም።

"ሬዚስተሬ፣ ሲመጣ እንጫወታለን፤ ኢንሻላህ" አለችኝ። አልመረቅኳትም፤ አልተሸነፍኩምና። እሷም አልጠየቀችኝም። ሃፍላ ላይ ስትወጣ ናድያ እጇን አወዛወዘችላት።

መብራት የመጣው እሷ ከሄደች በኋላ ነው። ሰሌዳዋ ራሷ ተነሳች፤ ትንሿ መብራት በራች፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የሁለታችን ስም ወጥቶ ነጥባችን ዜሮ ለዜሮ ይላል። የተጫወትነውን ሁሉ ረስታዋለች። በማግስቱ ወደ ካፉሪ ብደውል ሰምሳሩ ቀኑን አስቀድሞ ወስዷት ሄዷል።

አንድ ጊዜ ደውላልኛለች፤ ሊቢያ ውስጥ ካለችው ከአጅዳቢያ። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ደኅና መሆኗን፣ መንገዱ ከባድ እንደነበር፣ ሁለት ሰዎች እንደቀሩባቸው ነገረችኝ። እኔ ማልቀስ ስጀምር "ካህራባ መጣ?" አለችኝ። መጣ ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። በዚያ ቁጥር እስኪሰለቸኝ ደወልኩ። አይሠራም።

ሰሌዳዋን ጦርነቱ እስኪመጣ ለዓመታት አቧራ እየጠረግኩ አስቀመጥኳት። ናድያ ትንሽ ሳለች ብቻዋን ትጫወትባት ነበር፣ አሁን ግን አታስታውሰውም፤ አንድ እጇ እኔ፣ አንድ እጇ "ኻልቲ መሲ"፣ አክስቴ መሲ፣ እየሆነ። ዑስማን መምጣቱን ተወው። እትዬ አስካለ በገዳሪፍ መንገድ ታማ እዚያው አረፈች፤ እንግዲህ ምስክርም የለንም። ያ ክፍል ውስጥ ከነበርነው ይህን ማስታወስ የምችለው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ታሪኩን ለናድያ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። አሁን የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ናት፤ ስለ ማሽን ከእኔ ይበልጥ ታውቃለች። "ባትሪ ቢኖራችሁ ኖሮ እኮ አይጠፋባችሁም ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ባትሪ ቢኖረን ግን መብራቷ በራሷ ጊዜ ትጠፋ ነበርና የእኔ ጣት ይቸኩል ወይስ ይጠብቅ አይታወቅም። ይህን ሳሰላስል ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን የምፈልገው ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይደለም። ምርቃቱን ነው፤ ሳልሰጣት ቀርቶ እጄ ላይ ነው ያለው።

ሰፈሩ ገና መብራት የለውም። ቁልፏን ናድያ በአዲሱ በራችን መቃን ላይ በምስማር መትታልኛለች፤ ሽቦዋ ከምንም ጋር አልተያያዘም። የሚመጣ ሰው ይጫናታል፤ አትጮኽም፤ ከዚያ ያንኳኳል።

መሰረት ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ልጅ ናት። ካፉሪ ሠርታለች፤ በበረሃው ወደ ሊቢያ ወጥታ አጅዳቢያ ደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ያያት፣ አብሯት የተጓዘ፣ ስሟን የሰማ ሰው ካለ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ እባካችሁ ወሬዋን ንገሩኝ።