ሊፍት የተሰጠው እግረኛ ቆጣሪ

መኪና መንዳት አልሆነልኝም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቴ ወድቄ፣ በሦስተኛው ፈታኙ ገና ሞተር ሳላስነሳ ቀበቶውን በሁለት እጁ ሲጨብጥ ሳየው፣ "በቃ ይቅርብን" ብዬው ወረድኩ። ስለዚህ ከምኖርበት ከሂልቶፕ ሰፈር መሀል ከተማ ዳውንታውን፣ አንሶላ እስከማጥብበት ሆስፒታል ድረስ በባስ ነው የምሄደው። ጣጣው ከቤቴ እስከ ፌርማታው ነው። በአንድ በኩል ቦይ፣ በሌላው በኩል ትራክ፣ መሀል እኔ። አንድ ጠዋት የትራክ መስታወት ቦርሳዬን ከትከሻዬ መንጭቆ ወሰደው። ባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እንደ ፈረንጆቹ በ2021፣ ገና ማስክ ሳንጥል፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ነዋሪው በዙም ተጠራ። የእግረኛና የብስክሌት መንገድም ፕላኑ ውስጥ ይግባልን አልኩ። ከከተማው አስተዳደር ሆኖ ፕላኑን የሚያስረዳው ሰውዬ በትሕትና፣ "እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው አናይም እኮ" አለኝ። ደሜ ፈላ! ለማንኛውም ሐሙስ ጠዋት ሰው ልከን እናስቆጥራለን አለ።

ኋላ ሳስበው ግን ሰውዬው አልዋሸም። ሰው የማይታየው በእኛው ጥፋት ነው። አንድ ሐበሻ በእግሩ ሲሄድ ከታየ፣ የሚያልፈው ሐበሻ ሁሉ ይቆማል። "ውይ በሞትኩት፣ መኪናሽ ተበላሸ?" ግቢ፣ አልገባም፣ ስሞትልሽ ግቢ! የዚህ በሽታ አውራ ደግሞ ጎረቤቴ፣ የወሎው ጋሼ ናቸው። ዕቃ የሚያመላልሱባት ቫን አለቻቸው። አንዴ ለጤናዬ ብዬ ዎክ ሳደርግ አግኝተውኝ፣ አፌን ሳያስከፍቱኝ ወደ ቤቴ መልሰውኛል።

ረቡዕ ማታ ቤታቸው ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ነገ ጠዋት አንድም ሐበሻ እንዳይጭኑ። ሰዉን ሁሉ በእግሩ እንዲወጣ ለምኛለሁ።"

"በዚህ ብርድ? እያየሁ?"

"እያዩ! ጥርስዎን ነክሰው ይለፉ።"

"ኧረ ጉድ!" ብለው ብዙ አንገራገሩ። በመጨረሻ፣ "እሺ፣ ወላሂ አንድም ሐበሻ አልጭንም" አሉኝ።

ሐሙስ ዝናቡ ከነንፋሱ ወረደ። ሰዉ ግን ወጣልኝ! ከቤተክርስቲያንም ከመስጊድም መጡ፤ አንዱ ጭራሽ ብስክሌት ተውሶ መጥቷል። ቆጥሬያለሁ፣ ከእኔ ጋር ሃያ ነን። ጭቃ እያቦካን፣ እየተሳሳቅን ቆጣሪው ወደሚቀመጥበት ማዞሪያ ደረስን። ታጣፊ ወንበር አለ፤ የተቀመጠበት ሰው ግን የለም።

ግራ ገብቶን ቆመን ሳለ የጋሼ ቫን መጥታ አጠገባችን ቆመች።

"ጋሼ፣ እዚህ የነበረውን ሰውዬ አይተውታል?"

"በዝናብ ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላኝ። ጋዝ ስቴሽን ወስጄ ትኩስ ሻይ ገዛሁለት። ልመልስህ ብለው፣ ቅርብ ነው በእግሬ እመለሳለሁ አለኝ።"

"ወላሂ ብለውልኝ አልነበር!"

"ሐበሻ አይጫኑ ነው ያልሽኝ። እሱ ሐበሻ ነው?"

ልጮህባቸው አፌን ስከፍት ሳቄ ቀደመኝ፤ ከሳቁ ጋር ዕንባዬም መጣ። የለመንኩት ሰው ሁሉ፣ ያ ሁሉ ጭቃ፣ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ገደል ገባ።

በዚህ መሀል ቆጣሪው ከሩቅ ብቅ አለ። በአስፋልቱ ጠርዝ ይመጣል፤ በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው የመቁጠሪያ ማሽኑን ይዟል። ከኋላው ትራክ ደረሰበት። ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን። ሰውዬው ዘሎ ቦይ ውስጥ ገባ።

ሮጠን ሄደን ጎትተን አወጣነው። ደህና ነው፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኗል፣ ሻዩም ኮፍያውም የሉም። ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። ቦዩንና አስፋልቱን እያየ፣ "በየቀኑ በዚህ ነው የምትሄጂው?" አለኝ።

"በየቀኑ" አልኩት።

ማሽኑን በእጅጌው ጠረገና፣ እንደገና በፊቱ እንድናልፍ ለመነን። አንድ በአንድ አለፍን፤ ጋሼ ብቻ ቫናቸው ውስጥ ቀሩ።

በዓመቱ ፕላኑ ወጣ። የእግረኛና የብስክሌት መንገዳችን ከዳር እስከ ዳር ተሰምሮበታል። ከሥሩ የዚያ ጠዋት ቆጠራ ተጽፏል፤ በእግርና በብስክሌት ሃያ አንድ ሰው ይላል። እኛ ሃያ ነበርን።