ከበሩ በአራት ጣት የረዘመው መኪና

የእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ሰው ይጠላ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሰው ባይኖር ማንን ይንቅ ነበር? ስለማንም ቢነግሩት መልሱ አንድ ነው። ሐኪሙ አዲስ ቤት ሠራ ቢሉት «ምናባቱ!»፣ ዳኛው ታሞ ተኝቷል ቢሉት «ምናባቱ!»፣ ደመናው ከብዷል ሊዘንብ ነው ቢሉትም ያው «ምናባቱ!» ነው። ከተማው ሁሉ እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ ምናባቱ ይለው ጀመር። በሥነ ሥርዓት ያደጉ ሕፃናት ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኙት ጎንበስ ብለው «ጋሼ ምናባቱ፣ እንደምን ዋሉ?» ይሉታል፤ እሱም አፍንጫውን ነፍቶ ያልፋቸዋል።

ከዚህ ሁሉ ንቀት ያመለጠች አንዲት ሴት ናት፤ ታላቅ እህቱ። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና እግሩ ያልጠና ሕፃን ነበር፤ እሷም ብትሆን ከልጅነት አልወጣችም። ትምህርቷን ትታ ልብስ ሰፊ ዘንድ ገባች፤ ቁልፍ እየተከለች፣ ጠርዝ እየቀመቀመች አሳደገችው። አሁን የቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ ከሴት ልጇ ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ምናባቱ ሚስት አላገባም፤ ምሳውን የሚበላው እዚያው፣ በጨርቅ ክምርና በስፌት መኪናዎች መካከል ነው። እዚያ ቤት ሲገባ ድምፁ ራሱ ይለሰልሳል፤ «እታለም» ይላታል። እሷም ወሬውን ትወድለታለች። የከንቲባውን ጉድ ሲያወራላት ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ትስቃለች፤ እሱም ያንን ሳቅ ለመስማት ሲል ቀኑን ሙሉ የሰው እንከን ሲለቅም ይውላል።

ከንቲባው ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ሰው ነው። ያች ከተማ ቀድሞ የእሳት አደጋ መኪና የሚባል ነገር አልነበራትም። እሳት ሲነሣ ባልዲ ያለው ባልዲውን ይዞ ይሮጣል፤ ባልዲ የሌለው ይጮኻል። ኋላ አንድ ትልቅ ከተማ፣ አረጀብኝ ያለውን ቀይ መኪና በስጦታ ሊልክላት ቃል ገባ። ከንቲባው ይህን ሲሰማ ስለ ቱቦው አልጠየቀ፣ ስለ ፓምፑ አልጠየቀ፤ «መኪናው ከመድረሱ በፊት ቤት ይሠራለት» አለ። ቤት ከተሠራ ይመረቃላ፤ ሲመረቅ ደግሞ ስም ይጻፋል። መሐንዲሱ የበሩን ከፍታ ለመወሰን «ክቡር ከንቲባ፣ የመኪናው ቁመት ምን ያህል ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ከንቲባው ከወንበሩ ተነሥቶ እጁን ወደ ላይ ዘረጋና «ይህን ያህል፤ ትንሽ ጨምርበት» አለው። ከንቲባው አጭር ሰው ነው። መሐንዲሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ያንኑ የተዘረጋ እጅ ለክቶ ሠራ። ከበሩ በላይ ባለው አርማታ ላይ የከንቲባው ስም በወርቅ ቀለም የተጻፈበት እምነበረድ ተለጠፈ።

የምረቃው ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ወንበር ተደረደረ፣ የተማሪዎች ማርሽ ባንድ ተሰለፈ። ምናባቱ እህቱ የሰፋችለትን ዩኒፎርም ለብሶ፣ መሪውን ጨብጦ፣ ሳይረኑን እያስጮኸ መጣ። ከንቲባው ሪባኑን ቆረጠ፤ ተጨበጨበ። መኪናው ወደ በሩ ተጠጋ፣ ተጠጋና ቆመ። ጣሪያው ከአርማታው በአራት ጣት ይበልጣል። ማርሹ መሐል ላይ ተቋረጠ። መሐንዲሱ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ በዚያው ቀረ። የከንቲባው ላብ ከግንባሩ እስከ ከረባቱ ወረደ።

ምናባቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይህን ሁሉ አየና አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እንዲህ ያለ ቀን ከየት ይገኛል? ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ታዲያ ምን ችግር አለ? ጎማውን አስተንፍሱታ!» አለ።

ቀልዱን ነበር። እንዲያውም ስድቡን ነበር። ከንቲባው ግን ፊቱ በራ። «ይኸውላችሁ! መፍትሔ የሚያመነጭ ሠራተኛ ማለት ይህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ጎሚስታ ተጠርቶ መጣና ጎማዎቹን በየተራ አስተነፈሳቸው፤ መኪናው ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ እየተንፏቀቀ ገባ። የአሁኑ ጭብጨባ ከመጀመሪያው በለጠ። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ፣ ርእሰ መምህሩም ሐኪሙም፣ ቆሞ አጨበጨበ።

የሰውየው ልክ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ምናባቱ ከመኪናው ወርዶ «ኧረ ቀልዴን ነው፤ እባካችሁ ይህን አርማታ ቁረጡት» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ከንቲባው በሕዝብ ፊት እጁን ጨበጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ዋና ሾፌር ተብሎ ሁለት ቱቦ ያዦች ከሥሩ ተመደቡለት። ምሳ ላይ ለእህቱ፣ «ቀልዴን አዋጅ አደረገው እኮ፣ እታለም! ምናባቱ፣ ይህ አህያ!» አላት። እሷም ሆዷን ይዛ ሳቀች። አህያ የሰጠውን ሹመት ግን አልመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሥርዓት ሆነ። መኪናው ሊገባ ሲል ይተነፍሳል፣ እየተንፏቀቀ ከወጣ በኋላ ደጃፉ ላይ ይነፋል። ጋራዡ ደጃፍ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መንፊያ ተቀመጠ፤ መብራት በጠፋ ጊዜ ጎሚስታው በቤንዚን የሚሠራውን የራሱን እየጎተተ ይመጣል። የገለባ ክምር ተቃጠለ ተብሎ ይደወላል፤ ጎማው እስኪነፋ ገለባው ያልቃል፤ እነሱም ደርሰው አመዱን በውሃ ያርሳሉ። የአንዱ አጥር ነደደ፤ አመዱን አራሱ። ሰዉ «አመድ አጠጪዎቹ መጡ» እያለ መሳለቅ ጀመረ። መሳለቅ ነውር የለውም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ተሳላቂ አንድ እንኳ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ጠረጴዛ አልደበደበም። መኪናው ለምን ውጭ አያድርም ብሎ የጠየቀ አንድ የውጭ አገር እንግዳ ነበር፤ ከንቲባው «ይህን ያህል የለፋንበት ሕንፃ ባዶውን ይደር?» አለው። አርማታው ይቆረጥ ያለም ነበር፤ «መኪና ያልፋል፣ ሕንፃ ግን ታሪክ ነው» ተባለ። ድንቄም ታሪክ!

አንድ ቀን እህቱ ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና፣ «ለመሆኑ አንተስ ለምን ውጭ አታሳድረውም? ቁልፉ ኪስህ ውስጥ አይደለም እንዴ?» አለችው።

«ምናባቱ! የአባቴ መኪና ነው?» አላት። «ጣጣው የእሱ ነው። እኔ ደመወዜን እበላለሁ፣ በእነሱ እስቃለሁ፣ አበቃ።»

«የሚቃጠለው እኮ የከንቲባው ቤት አይደለም።»

«እታለም ደግሞ! ቁም ነገር አታድርጊው እንጂ።»

እሷም ቁም ነገር አላደረገችውም፤ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ሱቋ እስከ ጣሪያው በጨርቅ ተሞልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ምናባቱ ጋራዡ ደጃፍ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ የአላፊ አግዳሚውን አረማመድ እየናቀ ሳለ ስልኩ ጮኸ። የእህቱ ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ ሱቁ እየነደደ ነው! እማዬ የስፌት መኪናዬን ላውጣ ብላ ገብታለች፤ እባክህ ድረስልን!»

 ምናባቱ ቱቦ ያዦቹን ጠርቶ፣ መኪናውን ቀስ ብሎ ደጃፍ አወጣና መንፊያውን ሰካ፤ ማሽኑ አንዴ ተንፈራገጠና ዝም አለ። የመብራት ሠራተኞቹ እሳቱን ሰምተው ለጋራዡም ጭምር የሚደርሰውን የአካባቢውን መስመር ቆርጠውታል፤ በዚያች ከተማ ያን ቀን ሥራውን በወጉ የሠራ ቢኖር እነሱ ናቸው። ምናባቱ ወደ ጎሚስታው ሮጠ፤ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎሚስታው ጩኸቱን እንደሰማ ባልዲውን አንሥቶ ወደ እሳቱ በርሯል። ምናባቱ በሩን በእርግጫ መታው፤ ጎሚስታውንም ከነዘር ማንዘሩ ረገመው። ሰው እየተቃጠለ ነው ሲባል ባልዲ ይዞ በመሮጡ!

ከቱቦ ያዦቹ አንዱ፣ «ጋሼ፣ እንዲሁ ይዘነው ብንሄድስ?» አለ ፈራ ተባ እያለ።

ጎማው ሳይነፋ መኪናው ከደጃፉ ንቅንቅ እንዳይል የከንቲባው ትእዛዝ ነው። ምናባቱ ያን ሁሉ ጊዜ እየሳቀበት ሲያከብረው የኖረውን ትእዛዝ ያን ቀን ጣሰ። መኪናው ውሃውን ተሸክሞ በተኛ ጎማ እየተንፏቀቀ መንገድ ጀመረ። ሳይረኑ ሰማይ ይቀድዳል፤ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ግን ከጎኑ አልፈውት ሄዱ። ወደ እህቱ ሰፈር የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ የፊቱ ጎማ ከቸርኬው ተቦጭቆ ወጣ። ብረቱ አፈር ቆፍሮ ገባ፤ መኪናውም ዘመመና ጠባቡን መንገድ ከአጥር እስከ አጥር ዘግቶ ቆመ። ቱቦውን ዘረጉት፤ አልደረሰም። ጭሱ ከፊታቸው ይታያል።

ከወዲያ በኩል ጎሚስታው ባዶ ባልዲውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል፤ የግራ ቅንድቡ የለም። ምናባቱን ቀና ብሎም አላየው፤ ከመኪናው ጎን ያለውን ቧንቧ ከፍቶ ባልዲውን ሞላና ተመለሰ። ሌላውም ሰው ተከተለው፤ ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበል ጀመር። በዚያ ውሃ የጎረቤቶቹ ቤት ተረፈ። የእህቱ ሱቅ አልተረፈም። እሷን ጎሚስታው ቀደም ብሎ ጎትቶ አውጥቷታል፤ ግን የጋለውን የስፌት መኪና በሁለት እጇ አንቃ ይዛ አልለቅም ብላ ነበርና እጆቿ እስከ አንጓቸው ነደዱ። ምናባቱ ሲደርስ ጎረቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ አገኛት። አላለቀሰችም፤ እሱ ነው ያለቀሰው።

ሐኪሙ ጣቶቿ ከእንግዲህ መርፌ እንደማይዙ ነገራት። ቤተሰቡ የሚበላው ከእነዚያ ጣቶች ነበር።

ከንቲባው ካሜራና አበባ አስይዞ ሊጠይቃት ሐኪም ቤት መጣ። አልጋዋ አጠገብ ቆሞ፣ «በተነፈሰ ጎማ ለወገኑ የደረሰ ጀግና!» እያለ ምናባቱን ለካሜራው አሳየው። ማዘጋጃ ቤቱም ከደረሰው አደጋ ትምህርት ወስዶ በቤንዚን የሚሠራ ሁለተኛ መንፊያ ሊገዛ ወስኗል አለ። አርማታውን ያነሣ የለም፤ ኤዲያ፣ ማን ያነሣል! ከንቲባው እጁን ዘረጋ። ምናባቱም ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠውና፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ክቡር ከንቲባ» አለው።

እህቱ ይህን ተኝታ ታያለች። ሰዎቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ ምናባቱ ወንበር ስቦ ተጠጋትና እንደ ልማዱ ጀመረ። «አየሽው አይደል፣ እታለም? ሁለተኛ መንፊያ! ምናባቱ፣ ይህ ደደብ! አበባውን እንኳ ገልብጦ ነው የያዘው።» ብሎ ሳቋን ጠበቀ።

አልሳቀችም። «እሱ ምን አደረገ?» አለችው።

«እንዴት ምን አደረገ? ያንን አርማታ ...»

«እሱ እኮ የሚያዋጣ መስሎት ነው። ደደብ ነው፤ የነገርከውን አመነ። ቀልድ መሆኑን የምታውቀው አንተ ነበርክ። እኔም አውቅ ነበር። እየሳቅሁ ምሳ አቀርብልህ ነበር» አለች።

«እታለም፣ እባክሽ ...»

«የእኔ ድርሻ ይኸው» አለች፤ የተጠቀለሉትን እጆቿን ከብርድ ልብሱ ላይ ብድግ አድርጋ። «የአንተስ የት አለ?»

 ምናባቱ ከራስጌዋ ያለውን ብርጭቆ አነሣና ውሃ ሊያጠጣት ወደ ከንፈሯ አስጠጋ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «አስቀምጠው» አለችው። «ልጄ ስትመጣ ታጠጣኛለች።»