የአስመራው በረኛ

የያዙኝ ከልምምድ ስወጣ ነው። ታኬታዬን አውልቄ በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ተጠጉኝ። አንደኛው በጨዋ ድምፅ፣ «ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አለኝ።

ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ከባለቤቱ የተወረሰ ቪላ ውስጥ አስገቡኝ። ክፍሏ ድሮ ዕቃ ቤት ሳትሆን አትቀርም፤ ዘጠኝ ሰው ነበርንባት። በአንድ ጎን ተኝተን አንድ ላይ እንገላበጣለን። በጠባቧ መስኮት የባሕር ዛፍ ሽታ ይገባና ከሽንት ባልዲው ጋር ይደባለቃል። ያደግኩበት ሰፈር ስለሆነ የት እንዳለሁ አውቄያለሁ። ማወቄ ግን አላጽናናኝም። የአክስቴ ቤት ከዚያ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ የሚፈልጉትንም ሰው የደበቅኩት እዚያ ነው።

ሰውየው የአስመራው ቡድን በረኛ ነው። ያን ዓመት መንገዱ በጦርነት ስለተዘጋ የሚመጡት በአውሮፕላን ነበር። መጡ ሲባል ይቀራሉ፣ ቀሩ ሲባል ይመጣሉ። አብረን የምንጫወትበት የመጨረሻ ዓመት መሆኑን ሁላችንም ጠርጥረናል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። እኔ የአንድ ፋብሪካ ቡድን ተከላካይ ነበርኩ። በየዓመቱ ስንጋጠም ተላምደናል። የያን ዓመቱ ጨዋታችን ሲያልቅ ጨብጦኝ እጄን አልለቅ አለ።

«ወንድሜ፣ እኔ አልመለስም» አለኝ። «ታናሼ በረሃ መግባቱን ደርሰውበታል። ከአውሮፕላን እንደወረድኩ ይይዙኛል።»

«ከእኔ ጋር ና» ያልኩት ሳላስብ ነው።

እስር ቤት ከጎኔ የሚተኙት መገናኛ አጠገብ ሱቅ የነበራቸው አዛውንት ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ጭንቀቱ ሲበዛብኝ፣ «አባባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኳቸው። መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ።

«አትንገረኝ ልጄ። የማላውቀውን ቢገርፉኝም አላወጣም።»

በሦስተኛው እሁድ የዘበኛው ሬዲዮ የእኛን ቡድን ጨዋታ አስተላለፈ። ጋዜጠኛው በእኔ ቦታ የሌላ ሰው ስም ጠራ። «በጉዳት ምክንያት አልተሰለፈም» አለ ስለ እኔ። ሰውነቴ ላይ ገና ጭረት እንኳ አልነበረም። ሁሉም አዩኝ፤ ከዚያ ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ።

በማግሥቱ አዛውንቱን «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብለው ጠሯቸው። ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው ጭኔ ላይ አኖሩና፣ «ዕቃ የለኝም» ብለው ወጡ። አልተመለሱም።

ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። መርማሪው ሻይ እየጠጣ በታይፕ የተመታ ወረቀት ገፋልኝ። «ወንበዴው ለስለላ መምጣቱን እያወቅኩ ሸሽጌዋለሁ» ይላል።

«ፈርም። ያለበትን ከሥር ጻፍ። እሁድ ትጫወታለህ» አለኝ።

«ባልፈርምስ?»

«ሬዲዮው አይዋሽም።»

ከኋላው ባለው መስኮት የአክስቴ ሰፈር ቆርቆሮዎች ይታያሉ። እዚያ ላለማየት ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልኩ። እስክሪብቶውን አነሳሁ። «ወንበዴው» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ «በረኛው» ብዬ ጻፍኩ። «ለስለላ» የሚለውንም ሰርዤ «ለጨዋታ» አልኩ። ሳልፈርም መለስኩለት።

ቀስ ብሎ አነበበው። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም። ግራ ጉልበቴ ዳግም ለኳስ አልሆነም።

መንግሥት ሲወድቅ ዘበኞቹ ጥለውን ሸሹ፤ በሩን ራሳችን ከፍተን ወጣን። እያነከስኩ አክስቴ ዘንድ ደረስኩ። ብቻቸውን ነበሩ።

«መያዝህን የሰማ ዕለት እጄን ልስጥ ብሎ ተነሳ» አሉኝ። «በር ላይ ቆሜ፣ ሁለት ሰው አላስበላም አልኩት። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከእንጨት ለቃሚዎች ጋር ጫካውን ይዞ ሄደ።»

ወረቀቱን ሳልፈርም ስመልስ ቤቱ ውስጥ የነበሩት እንግዲህ እሳቸው ብቻ ናቸው። ለእሳቸውም ቢሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። በረኛው በየትኛው ወገን እንደቀረ፣ በሕይወት መኖሩንም ጭምር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን የምኖረው መሪ ሰፈር ነው። የድሮ ተጫዋቾች ስንገናኝ ያን ዓመት ማን የተሻለ እንደነበር ይከራከራሉ። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። ውድድሩን ስንት ሆነን ጀምረን ስንት ሆነን እንደጨረስን የሚጠይቅ እስካሁን አልገጠመኝም።