ማን ከቤቱ እንደሌለ የሚያውቀው ፕሮግራም

እትዬ መላ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ይሁን የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ መላ አያጡለትም ነበርና። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በእንፋሎትና በበረኪና ሽታ መሀል ነው። ጡረታ ሲወጡ ግን እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። አንዲት ልጃቸው ሌላ ከተማ አግብታ ስለሄደች ቤቱ ጭር አለባቸው።

ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። ሰውየው መሞታቸው የታወቀው ሽታው ደረጃውን ሲሞላው ነው። በሩ ተሰብሮ አስከሬኑ ሲወጣ እትዬ መላ ከበሩ ጥግ ቆመው ነበር።

«እሳቸው እዚህ ወድቀው እኔ ከላያቸው ወለል ስወለውል ሰንብቻለሁ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከሆዳቸው አልወጣ አለ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ተመራማሪ ከሕንጻው ምድር ቤት ያለውን አዳራሽ ተከራይታ ኮምፒውተሮች ደረደረች። የምታጠናው፣ ሙያው የሌላቸው ሰዎች ለራሳቸው ችግር የሚሆን ፕሮግራም ራሳቸው እንዲሠሩ ቢደረግ ምን ይሠራሉ የሚለውን ነው። ኮድ መጻፍ አያስፈልግም። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ቁርጥራጮች አሉ፤ አንዱ «ይህ ከሆነ» ይላል፣ ሌላው «ይህን አድርግ»። ሁለቱን በጣት ጎትቶ ማጋጠም ነው።

«ይሄማ ልብስ መለየት ነው» አሉ እትዬ መላ። «ነጩ ወዲህ፣ ባለቀለሙ ወዲያ።»

ሾፌሩን እያሰቡ ሠሩት። ፕሮግራሙ ብቻውን የሚኖረውን ሰው ሁሉ ጠዋት ጠዋት በስልኩ «ደህና አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል። አረንጓዴውን ምልክት ከነካ ነገሩ አበቃ። ረፋዱ ድረስ ዝም ካለ ግን ቅርብ ላለው ጎረቤት መልእክት ይሄዳል፤ ጎረቤትም ሄዶ ያንኳኳል። ብዙም ሳይቆይ መታጠቢያ ቤት ወድቀው እግራቸው የተሰበረ አሮጊት በዚሁ ተረፉ። ከዚያ በኋላ ያልገባበት ሰው አልነበረም።

ተመራማሪዋ በደስታ የምትይዘውን አጣች። «ባለቤቱ ሁላችሁም ናችሁ። የጎደለ የመሰላችሁን ጨምሩበት» አለች።

ጨመሩበት። አንድ ጡረተኛ መምህር «ጉዞ ላይ ነኝ» የሚል ቁልፍ አስገቡ፤ ሰው በከንቱ እንዳይጨነቅ። አንዷ ደግሞ የእያንዳንዱ ቤት ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ አከለችበት። አብዛኛው ቁልፍ የሚቀመጠው የሕንጻው ተቆጣጣሪ ዘንድ ነበር። እሱም ልማር ብሎ መጣ። እትዬ መላ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጣቱን ይዘው ስክሪኑ ላይ እየጎተቱ አስተማሩት። ትሑት ሰው ነው፤ የሰው ዕቃ ሲሸከም እንጂ ሲቆጣ አይታይም።

መጀመሪያ ጉዳቱ የደረሰባት በሕንጻው ብቻዋን የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። «ጉዞ ላይ ነኝ» የሚለውን ነክታ የታመመች እህቷን ልታስታምም ሄዳ ስትመለስ ቁልፏ በሩን አልከፍት አለ። ስፌት መኪናዋ ደረጃው ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቤቶቹን ወደሚያከራየው የሕንጻው አስተዳደር ቢሮ ስትሮጥ ጸሐፊው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ቤቱ ሰው እንደማይኖርበት መረጃ ደርሶናል።»

«ከማን?»

«ከሲስተሙ።»

ልብስ ሰፊዋ እያለቀሰች እትዬ መላ ቤት መጣች። እሳቸው ወደ አዳራሹ ወርደው ፕሮግራሙን ከፈቱ። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ሲያዩ ከታች የማያውቁት ተጋጥሞ አገኙ። «ጉዞ ላይ ነኝ» ከተነካ ለአስተዳደር ቢሮ አሳውቅ፣ ይላል። የጨመረው ሰው ስም አጠገቡ አለ፤ ተቆጣጣሪው ነው።

መሰላል ላይ ወጥቶ የኮሪደሩን አምፖል ሲቀይር አገኙት።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ እትዬ።» አልካደም። «የቢሮው ሰዎች ማን አለ፣ ማን የለም እያሉ ይጨቀጭቁኛል። በር ለበር ከምዞር ብዬ ነው። መላውን ያሳዩኝም እርስዎ ነዎት።»

«ሴትዮዋ ቤቷን አጣች እኮ።»

«እኔ ያልተፈቀደ ነገር አልነካሁም። ለሁሉም ክፍት ነው ተብሏል።» አምፖሉን አጥብቆ ወረደ። «ሕንጻውን ሊሸጡት ነው እትዬ። ገዢው ባዶውን ነው የሚፈልገው። እኔ ባልነግራቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል።»

ይህን ያለው በክፋት ቢሆን ይሻላቸው ነበር። ድምፁ ግን ያው የሰው ዕቃ ሲሸከም የሚሰማው ድምፅ ነው።

ተመራማሪዋ ተጠርታ መጣች፤ ቁርጥራጩን ስታየው ፊቷ ገረጣ። «ክፍት ስናደርገው በጎ በጎውን ብቻ ነበር ያሰብነው» አለች። ሁለቱ ተያይዘው ፕሮግራሙን ከነሥሩ ሰረዙት። እትዬ መላ ቀለል ያላቸው ግን እስኪነጋ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከመግቢያው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አስተዳደሩ የራሱን ፕሮግራም ጀምሯል፤ ማንኛውም ተከራይ በየጠዋቱ መንካት ግዴታው ነው፤ ያልተነካለት ቤት እንደተለቀቀ ይቆጠራል። ፕሮግራሙም ከሕንጻው ውጭ ሲነካ እንደማይሠራ ተነገረ። ሲከፈት «ደህና አደሩ?» ይላል። ቃሉ የእትዬ መላ ነው፣ አረንጓዴውም የእሳቸው። የቢሮው ሰዎች ከመሰረዙ በፊት ገልብጠውታል።

መምህሩ ፊታቸውን ሳይታጠቡ መንካት ጀመሩ። «ምን ላድርግ፣ የት እሄዳለሁ በዚህ ዕድሜዬ» ይላሉ፤ ሰው ሲያያቸው ያፍራሉ። ሌሎቹም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ሲኖርባቸው ስልካቸውን ለጎረቤት ትተው መውጣት ያዙ። በኋላ ግን ጎረቤትም ተፈራ። ማን ለቢሮው እንደሚናገር አይታወቅምና ሰዎች ደረጃው ላይ ሲገናኙ «እንዴት ነህ» መባባል እንኳ ከበዳቸው።

ተመራማሪዋ ለልብስ ሰፊዋ ጠበቃ ፈልጋ ክስ አስመሠረተች። ቀጠሮው ግን ይገፋል፣ ደግሞ ይገፋል። ልብስ ሰፊዋ እትዬ መላ ሳሎን ውስጥ ስፌት መኪናዋን አስገብታ እዚያው ትሰፋለች፤ በአስተዳደሩ መዝገብ ግን የለችም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእትዬ መላ ልጅ ደወለች።

«እማ፣ ሐኪሙ መውለጃሽ ደርሷል ብሎኛል። መቼ ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ የኔ ልጅ።»

«ባለፈውም እንዲሁ ብለሽኛል።»

ልብስ ሰፊዋ መስፋቷን አቆመች። «ይሂዱ እንጂ፣ እኔ እዚህ አለሁ» አለች በሹክሹክታ።

«ስልኬን ብትነኪልኝም፣ መጥተው ሲፈትሹ አንቺን አይቆጥሩሽም» አሉ እትዬ መላ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው።

ያኔ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጥቶ በራቸው ላይ ቆመ። አላንኳኳም። ከስልኩ ውስጥ ልጃቸው «እማ? እማ?» ትላለች።

«ሰው አለ» አሉ እትዬ መላ ወደ በሩ ዞረው፣ ጮክ ብለው።

ኮቴው ግን ከበሩ አልሄደም።