ስሙን የተቀማ ወንዝ

አክስቴ ቀያሽ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ለውሃ መሥሪያ ቤት ሠርታለች። ባለሦስት እግሩን መሣሪያ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወንዙን ከላይ እስከ ታች በእግሯ ለክታዋለች፤ ጉልበቷን የጨረሰችውም እዚያው ነው። ሰዉ ሁሉ «እትዬ ሜትር» ይላታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የጡረታ ክፍሉና እኔ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸልሞ ሸኛት። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ ልማዷ ከድልድዩ ሥር ወርዳ ውሃው የት እንደደረሰ አየች። እዚያ አንዱ ምሰሶ ላይ በቀይና በነጭ የተቀባ መለኪያ አለ። በእሷ ቦታ የተቀጠረ ሰው አልነበረም። ለምን እንደምትወርድ ስጠይቃት «ታዲያ ማን ይየው?» አለችኝ፤ ነገሩ እዚያው አለቀ።

ቁጥሩን መጀመሪያ በስልክ ነበር የምትናገረው። ጡብ ሠሪዎቹ፣ አትክልተኞቹ፣ ሰው በጀልባ የሚያሻግረው ሰውዬ፣ ሁሉም ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ። በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር መምህር አዘነላትና አንድ ድረ ገጽ ሠራላት። አድራሻው የወንዙ ስም ነው። ሲከፈት አንድ ትልቅ ቁጥር ይታያል፤ ከሥሩ «እየጨመረ ነው» ወይም «እየቀነሰ ነው» ይላል። ሌላ ጌጥ የለውም። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጓደለችም። አባቴ የተቀበረ ዕለት፣ ለወንድሟ ጥቁር እንደለበሰች፣ መጀመሪያ ድልድዩ ሥር ወርዳ ነው ወደ ለቅሶው የመጣችው።

ደብዳቤው የመጣው ለመምህሩ ነው፤ አድራሻው በእሱ ስም ስለተመዘገበ። ላኪው ባሕር ማዶ ያለ፣ የዝናብ ልብስና የጉዞ ቦርሳ የሚሠራ ኩባንያ ነው። የኩባንያው ስም የእኛ ወንዝ ስም ነው። መሥራቹ በወጣትነቱ አንድ ሳምንት እዚህ በታንኳ ቀዝፎ ኖሮ ስሙ ደስ ብሎት ወሰደው። ይህን በኩራት የጻፉት ራሳቸው ናቸው። አሁን ደግሞ የኢንተርኔት ስሞችን ለሚያድለው ድርጅት አመልክተዋል። በአድራሻ መጨረሻ ላይ፣ ከነጥቡ በኋላ፣ የወንዙ ስም የሚመጣበት አዲስ መጨረሻ ይፈቀድልንና የእኛ ብቻ ይሁን ነው የሚሉት። ከተፈቀደላቸው በዚያ ስም የሚያልቅ አድራሻ ያለ እነሱ ፈቃድ ማንም አይዝም። እግረ መንገዳቸውን የእኛን ገጽ በሠላሳ ቀን ውስጥ ልቀቁ አሉ። ምክንያታቸው «ደንበኞቻችንን ግራ ያጋባል» የሚል ነው።

መምህሩ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሲሰማ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው። ደብዳቤው ላይ «ካሳ» የሚለው ቃል አራት ቦታ ተጽፏል። ፈረመ። ለአክስቴ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል ቀኑ ደረሰ።

በዚያው ሰሞን ወንዙ ሞላ። አክስቴ ማለዳ ቁጥሩን አይታ ልትጽፍ ስትሞክር የምታስገባበት ገጽ አልከፈት አላት። ኔትወርክ ነው ብላ ደጋግማ ሞከረች። አልሆን ሲላት መደወል ጀመረች። ባለጀልባው ሰውዬ አነሳ፣ አትክልተኞቹም አነሱ። ጡብ ሠሪዎቹ ግን ሥራ ላይ ስለነበሩ ጥሪውን አልሰሙም። ቀደም ብለው ስልካቸውን ከፍተው ቁጥሩን ሲፈልጉ ያገኙት ቀይ የዝናብ ካፖርት ለብሳ ፈገግ ያለች ቆንጆ ሴት ነው። ከሥሯ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን በኋላ አስተርጉመን ሰማነው፤ «ዝናቡን አትፍሩ» ይላል።

ደርቆ ለምድጃ የተዘጋጀውን የሁለት ወር ጡብ ውሃው ጭቃ አደረገው። የአንዱ ጡብ ሠሪ ሚስት ጡቡን ላስቲክ ላለብስ ብላ ስትሮጥ ወድቃ እግሯ ተሰበረ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መምህሩ አክስቴ ቤት መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ፣ እኔ ነኝ» አላት።

«አንተ መሆንህንማ አየሁ። ምን ሆነሃል?»

«አድራሻውን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

ትጮኽበታለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ሳበችለት። ደብዳቤውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበበችው። «ግራ ያጋባል» የሚለው ላይ ሲደርስ እጇን አነሳች።

«ቆይ። ማንን ነው ግራ የሚያጋባው?»

«ደንበኞቻቸውን።»

«ካፖርት ሊገዛ የገባ ሰው የወንዝ ልክ ሲያገኝ ግራ ይጋባል። እሺ። የወንዝ ልክ ፈልጎ የገባ ሰውስ ካፖርት ሲያገኝ? እሱ ሰው አይደለም? የእሱ እኮ ግራ መጋባት ብቻ አይደለም፣ እግሩ ነው የሚሰበረው!» ቆሽቷ አረረ። ከዚያ ግን ወደ እሱ ዞረች። «በመፍራትህ አልፈርድብህም። ነግረኸኝ አብረን ብንፈራ ምን ነበረበት?»

መምህሩ አለቀሰ። ከዚያ አፍንጫውን ጠርጎ ደንቡን ማንበብ ጀመረ። የተፈረመበት አድራሻ ሄዷል። ትልቁ ማመልከቻ ግን ገና ነው፤ ተቃውሞ ለማቅረብ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቷል፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ደብዳቤም ያስፈልጋል። የአገርና የዋና ከተማ ስም ማንም እንዳይነካው በዝርዝር ተይዟል። ወንዝ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ውሃ አይጠጡም?» አለች አክስቴ።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት አብሬያት ሄድኩ። በመስኮቱ በኩል ያለው ሠራተኛ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ይሄ የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። እኛ የምናስተዳድረው መሬት ነው» አላት።

«ወንዙስ በምን ላይ ነው የሚፈሰው? በአየር ላይ?»

ወደ ውሃ መሥሪያ ቤት ላካት፤ ወደ ራሷ ቤት ማለት ነው። አዲሱ ኃላፊ በአክብሮት ተነስቶ ተቀበላት፤ ግን «ከበላይ መመሪያ አልመጣልንም፣ እትዬ። ለመሆኑ ስሙ የእኛ ስለመሆኑ ሰነድ አለን?» አለ።

አክስቴ ወጥታ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ የድሮ ባልደረባዋ ናት፤ ምን እንደምትፈልግ ተናግራ ሳትጨርስ ገብቷት መሰላሉ ላይ ወጣች። በጨርቅ ላይ የተለጠፈ የሰባ ዓመት ካርታ ይዛ ወረደች። አክስቴ ካርታውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ፣ በኮምፒውተሩና በሻይ ብርጭቆው ላይ እንዳለ ዘረጋችው።

«እዚህ ጋ የተጻፈውን አንብብልኝ።»

አነበበ። የወንዙ ስም ነው፤ በጥቁር ቀለም፣ የወንዙን መታጠፊያ ተከትሎ የተጻፈ።

«የኩባንያው መሥራች ሲወለድ ይሄ ቀለም ደርቆ ነበር።»

«ልክ ነዎት። ግን ፈርሜ ነገ ለምን ፈረምክ ብባልስ?»

«ለምን አልፈረምክም የሚሉህ ሰዎች ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ላስገባቸው?»

አሥራ አንድ ጡብ ሠሪዎች ከነጭቃቸው ውጭ ቆመው ነበር። ኃላፊው በሩን ከፈት አድርጎ አያቸው። ብዕሩን አነሳና ፈረመ። ወንዙ የሚያልፍባቸው ሌሎች ሁለት ከተሞችም የእሱን ፊርማ ሲያዩ ድፍረት አግኝተው ፈረሙ፤ ተቃውሟችን ቀኑ ሳያልፍ ገባ።

ስሞችን የሚያድለው ድርጅት የሁለታችንን ወገን ክርክር የሰማው በቪዲዮ ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን፤ መምህሩ ይተረጉማል። የኩባንያው ጠበቃ ትሁት ሴት ናት። ማኅበረሰቡ ምንም አይጎዳበትም አለች፤ ኩባንያው በራሱ ስም ሥር አንድ ገጽ በነጻ ሊሰጠን ፈቃደኛ ነው።

«የገዛ ቤቴን በር ቆልፋ ጓዳዬ ውስጥ አንድ ጥግ ልትሰጠኝ ነው» አለች አክስቴ።

ጠበቃዋ ቀጠለች። ቃሉ በየትኛውም መዝገበ ቃላት ትርጉም የለውም፤ ዋጋ የሰጠው ደንበኛዬ ነው አለች። መምህሩ ይህን ሲተረጉም ድምፁ እየወረደ ሄደ። አክስቴ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ተነስታ ጠረጴዛውን መታች።

«ትርጉም የለውም? በድሮ ሰዎች አፍ ‹ዞሮ የሚመጣ› ማለት ነው! ሲሞላ ወደ ኋላ ተመልሶ ሜዳው ላይ ስለሚተኛ ነው እንዲህ ያሉት። ስሙን የሰማ ሰው እዚያ ቤት አይሠራም ነበር። እናንተ ካፖርት ላይ የምትሰፉት የእኛን ማስጠንቀቂያ ነው!» ከዚያ ወደ መምህሩ ዞር ብላ፣ «እንደተናገርኩት ተርጉመው፣ እንዳታለሰልሰው» አለችው።

አላለሰለሰውም። ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ መታ፤ አንዱን እሷ አልመታችውም ነበር።

ከሰባት ወር በኋላ ኩባንያው ማመልከቻውን አነሳ። የሰጠው መግለጫ ሁለት መስመር ነው። «ለንግድ ስልታችን ስንል» ይላል፤ ስለ ጎርፉም፣ ስለ ሴትዮዋ እግርም አንድ ቃል የለበትም። የድሮ አድራሻችንም አልተመለሰም፤ ወዳችሁ ፈርማችሁ ነው ተባልን። ዛሬ ቁጥሩ የሚወጣው ሽማግሌዎች ጽፈው በማይጨርሱት ረጅም አድራሻ ነው።

ጡብ ሠሪዎቹ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ። አክስቴ ተቀመጡ አለቻቸው እንጂ ፊቷ አልተፈታም። «የእኛን ነገር አልወስድም ስላለ ላመሰግነው ነው?» አለች።

ስሞችን ለሚያድለው ድርጅት፣ ወንዝም ተራራም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ ብላ ከመምህሩ ጋር ጻፈች። «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣ። ደግመው ጻፉ፤ ያው መልስ መጣ። ባለፈው ሳምንት ሦስተኛውን ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርኩ። መምህሩ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበላት፤ «በትህትና እንጠይቃለን» ይላል።

«‹በትህትና› የምትለዋን አውጣት» አለችው።

አወጣት።